የመቀናጆ ፍሬን

ደብዳቤው መጣ! ከትናንት በስቲያ ከትምህርት ቤት ስመለስ የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ተላላኪ መንገድ ላይ አስቆመኝና ፖስታውን በሁለት ጣቱ ይዞ «አንቺ ነሽ እንዴ ይቺ?» አለኝ። እኔ ነኝ። የተጻፈው የአባቴ ስም አይደለም፣ የባለመኪናውም አይደለም፤ የእኔ ነው፣ በታይፕ ተመትቶ፣ ከፊቱም «ወይዘሪት» የሚል ቃል ተቀምጦለት። እስከዚያች ቀን ድረስ ወይዘሪት ብሎ የጠራኝ ሰው የለም። ቤት ውስጥ «አንቺ ልጅ» ነኝ፤ ክፍል ውስጥ ደግሞ «አንቺ ከኋላ ያለሽው»።

እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። ደብተሬ መንገድ ላይ ወድቆብኝ አንዲት ሴትዮ ናት ተከትላ ያመጣችልኝ። እናቴ ምርኩዟን ተደግፋ በር ላይ ቆማ ነበር።

«ምን እያባረረሽ ነው?»

«እማ፣ መለሱልኝ! መለሱልኝ እኮ!»

ደብዳቤው ረጅም አይደለም። ወደ ሰቆጣ ሰው የሚያመላልሱ መኪናዎች ሁሉ ከእንግዲህ ለምርመራ ታች አስፋልቱ ድረስ አይወርዱም ይላል። እዚሁ ሰቆጣ፣ ሁሉም በአንድ ቀን፣ በአንድ ሜዳ ላይ ጎን ለጎን ቆመው ይመረመራሉ። ፍሬናቸውም ሰው እንደጫኑ ቁልቁለት ላይ ይፈተናል። ነዋሪው ቆሞ ማየት ይችላል። ከዚያ ያቺ የምወዳት ቃል ትመጣለች፦ «በአመልካቿ በተገለጸው መሠረት»። አመልካቿ እኔ ነኝ! በማላውቀው ከተማ የማላውቀው ሰው እኔ የጻፍኩትን ቁጭ ብሎ አንብቦ፣ አምኖ፣ ማኅተም መትቶበታል። ቤት ውስጥ ዘለልኩ፤ ጣራችን ዝቅ ያለ ስለሆነ ራሴን መታኝ፣ እንደገና ዘለልኩ።

ለእናቴ ሁለት ጊዜ አነበብኩላት፤ አንዴ በአማርኛ እንዳለ፣ አንዴ ደግሞ እሷ በሚቀላት በአገውኛ። እልል ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። እልል አላለችም።

«ስለ እሱ መንጃ ፈቃድስ?» አለችኝ።

አባቴ ደጅ ላይ ጀርባውን ሰጥቶን ከአሮጌ ጎማ በርባሶ ጫማ እየቆረጠ ነበር። ሾፌር ነው አባቴ። ከሦስት ዓመት ወዲህ ግን ጎማ የሚያውቀው በቢላዋ ነው። መንጃ ፈቃዱ የተቀማው ለሦስት ዓመት ነበር፤ ለዚህ ፋሲካ ሊመለስለት ነው። የደብዳቤውን የመጨረሻ መስመር ሳላነብ ነበር ያጠፍኩት። አባቴ ዞር ሳይል «አንብቢላት» አለ።

አላነበብኩም። እዚህ ግን እጽፋታለሁ። ብቻ ከመጀመሪያው እንድነግራችሁ ፍቀዱልኝ፣ አለዚያ ያቺ መስመር ምን ያህል እንደምትመር አይገባችሁም።

ወደ ሰቆጣ የሚመጡት የሰው መኪናዎች ሦስት ናቸው። አውቶቡስ እንላቸዋለን እንጂ ጣልያን ጥሏቸው የሄደ የጭነት መኪናዎች ናቸው፤ ጀርባቸው ላይ እንጨት ተገጥሞ፣ ሸራ ተወጥሮ፣ አግዳሚ ወንበር የተደረደረባቸው። ክረምት ሲገባ መንገዱ ይቆረጣል፣ አይመጡም። በጋ ላይ ግን ጥሩምባቸው ከሩቅ ሲሰማ ከተማው በሙሉ ይወጣል። አንደኛውን አባቴ ነበር የሚነዳው። ሁለተኛውን የክርስትና እናቴ ባል፤ እኔ ጋሼ ነው የምላቸው፣ እሷንም እትዬ። ሦስተኛውን አንድ ዝምተኛ የቆላ ሰው። የሦስቱም ባለቤት አንድ ነው፤ ታች አስፋልቱ ዳር ይኖራል፣ በገዛ መኪናዎቹ ተሳፍሮ ሰቆጣ መጥቶ ግን አያውቅም።

በዓመት አንድ ጊዜ መንግሥት መኪና ይመረምራል። መርማሪው ጎማ ያያል፣ መብራት ያስበራል፣ ጥሩምባ ያስነፋል፣ ከዚያ መሬት ላይ በኖራ መስመር ያሰምርና ሾፌሩን ከሩቅ አስነድቶ መስመሩ ላይ እንዲያቆም ያዘዋል። ላለፈ መኪና ቦሎ የምትባል ወረቀት መስታወቱ ጥግ ላይ ትለጠፍለታለች። ያላለፈው ግን ሰው አይጭንም። ሕጉ ይኸው ነው፤ ደግ ሕግ ነው። በሕጉ ላይ ቂም የለኝም።

ቂሜ ሌላ ነው። ለሦስቱ መኪና አንድ ደህና የፍሬን ሸራ ብቻ ነበራቸው። የፍሬን ሸራ ማለት ፍሬኑ ሲረገጥ ከጎማው ውስጥ ነክሶ የሚይዘው ነው፤ ሲያልቅ ብረት ከብረት ይፋጫል፣ መኪናውም ይሄዳል እንጂ አይቆምም። ሾፌሮቹ ባለመኪናውን ለሦስቱም ግዛልን ቢሉት ለአንዱ ገዛ። አራት ደህና ጎማም ጨመረ። «ተዋዋሱ» አላቸው።

ተዋዋሱ! ይህች ቃል ለእኛ አገር ሰው ምን እንደምትመስል እሱ አያውቅም፤ ወይም ጠንቅቆ ያውቃል። አባቴ የፃግብጂ ገበሬ ልጅ ነው። አንድ በሬ ብቻ ያለው ሰው ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋር ይቀናጃል፤ ዛሬ የአንተ ማሳ ይታረሳል፣ ነገ የእኔ። በዚህ ነው ያደገው። መቀናጆ የከለከለ ሰው ለቅሶው ላይ እንኳ ሰው አይቆምለትም። እና እነዚያ ሦስት ሾፌሮች አንድ ፍሬን ለሦስት መኪና ሲካፈሉ መንግሥት ማታለል መሆኑ በሐሳባቸውም አልመጣም። በሬ ነው የተዋዋሱት። መርማሪው ደግሞ መኪናዎቹን በተለያየ ቀን፣ አንድ በአንድ ስለሚቀበል መንገዱ የተጠረገ ነበር፤ ዛሬ የአባቴ ያልፋል፣ ሸራውና ጎማው ይፈታል፣ ነገ የጋሼ ያልፋል፣ ከነገ ወዲያ ያ የቆላው ሰው። እንዲህ እያሉ ዓመታት አልፈዋል። ሲመለሱ የአንዱ መኪና ፍሬን ደህና ነው፣ ሁለቱ በማርሽና በጸሎት ይመጣሉ።

አባቴ መንጃ ፈቃዱን በተቀማበት ዓመት እኔም እናቴም አብረን ወርደን ነበር። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው፤ አስፋልት ያየሁት ያኔ ነው፣ በእጄ ነክቼዋለሁ።

መርማሪው ነጭ ጋዋን የለበሱ፣ ቀልድ የሚወዱ ሰው ናቸው። አባቴን ከሩቅ አስነሱት። መኪናው እየጮኸ መጣና የፊት ጎማው ልክ የኖራው መስመር ላይ ቆመ፣ አንድ ጣት እንኳ አላለፈም። መርማሪው ጎንበስ ብለው አዩትና ሳቁ።

«ሰውዬ፣ ይሄ ፍሬን አዲስ ነው እንዴ?»

«አዲስ ነው ጌታዬ።»

«የአገርህ ቁልቁለት ሲያይህ ይፍራ በለኛ!»

ቦሎዋን በምላሳቸው አርሰው ለጠፏት። አባቴ አልዋሸም፤ ፍሬኑ አዲስ ነበር። እኔ ደግሞ በኩራት ልፈነዳ ነበር። ይህን አሁን ስጽፈው ፊቴ ይግላል።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱ ሾፌሮች አንድ ዛፍ ሥር ተንበርክከው ሸራውን ከአባቴ መኪና ሲያወጡ አጠገባቸው ተቀምጬ ብሎን አቀብል ነበር። አዎ፣ እኔም አቀብያለሁ። ጋሼ ሸራውን በእጃቸው እየመዘኑ «ወንድም፣ በሬዬን አጥምደህ አደከምከው እኮ፣ ጎኑ ገብቷል!» ብለው ሲቀልዱ አባቴ «ያንተ ማሳ ድንጋይ ነው፣ እዛው ይድከም» አላቸው። ያ ዝምተኛ ሰው እንኳ ሳቀ። የተስማሙት ሦስቱም ካለፉ በኋላ ደህናው ሸራ ወደ አባቴ መኪና እንዲመለስ ነው፤ ለጥምቀት ወደ አገር የሚገባውን ሰው ጭኖ የሚወጣው እሱ ስለሆነ። ሁለት ቀን መቆየት ብቻ ነበረበት።

በማግሥቱ ጠዋት ባለመኪናው መጣ። መኪናው ጀርባ ላይ ሰው ሞልቷል፤ በገና የወረዱ ነጋዴዎች፣ ለጥምቀት የሚገቡ ካህናት፣ ዕቃቸውን ታቅፈው።

«ምን ትጠብቃለህ?» አለው አባቴን።

«ፍሬኑ እስኪመለስልኝ ነው። ነገ ከሰዓት…»

«ቦሎ አለህ አይደል?»

«ቦሎማ አለኝ።»

«ታዲያ ፍሬኑን መንግሥት አይቶታል። ንዳ!»

አባቴ ወደ ጋሼ አየ። ጋሼ ደህናው ሸራ በተገጠመለት መኪናቸው ላይ ተደግፈው ቆመዋል፤ ተራቸው የዚያን ዕለት ከሰዓት ነው። ዓይናቸውን መሬት ላይ አድርገው «በማርሽ ያዘው፣ ቀስ በል። ነገ እደርስብሃለሁ» አሉት። አባቴ እምቢ ማለት ይችል ነበር። ይህን ስንት ጊዜ አስቤዋለሁ። ሸራውን መልስልኝ ቢል ጋሼ ምርመራውን ይወድቃሉ፣ ቤታቸው ጾሙን ያድራል። መቀናጆ ተሰጠ ማለት ተሰጠ ነው። ወጣና ሞተሩን አስነሳ፤ እኔና እናቴ ከፊት፣ ከጎኑ ተቀመጥን።

ከኋላ፣ ከሾፌሩ ቤት ጋር በምታገናኘው ቀዳዳ አጠገብ፣ አንድ ሽማግሌ የማር ነጋዴ ተቀምጠው ነበር። የአባቴ አገር ሰው ናቸው፤ ማራቸውን ሸጠው የተረፋቸውን አንድ ቆርቆሮ በጉልበታቸው መሃል ይዘዋል። መንገዱን ሁሉ በቀዳዳዋ አንገታቸውን እያስገቡ አባቴን ሲያጫውቱት ቦሎዋን አዩዋት።

«ይቺ ወረቀት ምንድን ናት አንተ? መኪናም ማተብ ታስራለች?»

«መኪናው ደህና ነው የምትል ናት፣ አባቴ።»

«ለማን ነው የምትለው?»

«ለጠየቃት።»

«እንግዲያ እኔ ልጠይቃት፤ ደህና ነሽ ወይ?» ብለው ጆሯቸውን ወደ መስታወቱ አዘነበሉ። ሁላችንም ሳቅን፤ አባቴም ጭምር። የአባቴ ሳቅ ግን ቶሎ አለቀች።

ከሰቆጣ በፊት ያለው የመጨረሻው ትልቅ ቁልቁለት ላይ ነው። መጀመሪያ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ከዚያ አባቴ ማርሽ ሊቀንስ ሲታገል አየሁ፣ ማርሹ እየጮኸ አልገባም አለ። ከዚያ እግሩ ፍሬኑን ሲረግጥ ወለሉን ሲመታ ሰማሁ፤ ቷ፣ እንደ ባዶ ሣጥን። ደግሞ ረገጠ። ቷ። በአንድ ወገን ገደል ነው፣ በሌላው ለመንገዱ የተቆረጠ ድንጋይ። አባቴ አንድ ቃል ብቻ ጮኸ፣ «ያዙ!» አለና መሪውን ወደ ድንጋዩ ሰበረው።

እናቴ የተቀመጠችው በድንጋዩ በኩል ነበር።

አቧራው ሲበርድ ያየሁት ነገር ማር ነው። የሽማግሌው ቆርቆሮ ተከፍቶ፣ ነጭ ማር በመንገዱ ቁልቁል ቀስ እያለ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ ይወርዳል። እሳቸው ከቆርቆሮው ትንሽ ራቅ ብለው በፊታቸው ተደፍተዋል። አልተነሡም። የእናቴ እግር ከጉልበቷ በታች በሩና ድንጋዩ መሃል ነበር። የፊት መስታወቱ ረግፏል፤ አንዲት ጥግ ብቻ ክፈፉ ላይ ቀርታለች፣ ቦሎዋ የተለጠፈችባት። አልተጫረችም እንኳ።

እናቴ እስከ ዛሬ እንዴት ነሽ ብሎ ለሚጠይቃት ሁሉ የምትመልሰው አንድ ነው፦ «ቦሎዋ ደህና ናት። የተሰበርኩት እኔ ነኝ።»

ሰው ይስቃል። እሷ አትስቅም።

ፍርድ ቤት ያቺን የመስታወት ጥግ በጨርቅ ጠቅልለው አመጧት። ባለመኪናው ቆመና «ክቡር ዳኛ፣ መኪናዬ ከአደጋው በፊት ባለው ቀን ተመርምሮ አልፏል፣ ይኸው ቦሎው» አለ። መርማሪውም ተጠርተው ፍሬኑን በዓይናቸው እንዳዩ፣ መስመሩ ላይ ልክ እንዳቆመ መሰከሩ። እሳቸውም አልዋሹም። ማንም አልዋሸም! መኪናው ደህና ከሆነ ጥፋቱ የማን ነው? የሾፌሩ ነዋ። በፍጥነት ነድቷል፣ ተዘናግቷል። ዳኛው አባቴን «የምትለው አለህ?» ሲሉት አባቴ ወደ አግዳሚው አየ። ጋሼ እዚያ ተቀምጠው ባርኔጣቸውን ያሽከረክራሉ። እትዬ አጠገባቸው ናት፣ ሕፃን ታቅፋለች።

«የምለው የለኝም» አለ አባቴ።

አንድ ዓመት ታሰረ። ሦስት ዓመት ከመሪ ተከለከለ። የማር ነጋዴው ሞት በእሱ ላይ ተጻፈ። ባለመኪናው የተሰበረውን መኪና አስጠግኖ ሌላ ሾፌር ቀጠረ፤ ዛሬም ይመጣል፣ አዲስ ቦሎ አለው።

አባቴ እስር ቤት ሳለ እናቴ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ዣንጥላ ዘርግቶ ወደሚቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ ወሰደችኝ። ሰውዬው ሳይጠይቀን ጻፈ። «እንባዬን እንደ ዝናብ እያፈሰስኩ ከእግርዎ ሥር ተደፍቼ» ብሎ ጀመረ። እናቴ በእኔ አስተርጓሚነት «እኔ አላለቀስኩም በይው» አለች። ሰውዬው «ካላለቀሰች ማን ያነባታል?» አለና ቀጠለ። ማንም አላነበበውም፤ መልስ አልመጣም። እኔ ግን የዚያን ቀን አንድ ነገር ተማርኩ። ያ ወረቀት ሙሉውን ስለ እንባ ነው፤ ስለ ፍሬን አንድ ቃል የለበትም።

ከዚያ ወዲህ ነው ቃል መሰብሰብ የጀመርኩት። አባቴ ሲፈታ ከቆረጣ ሥራው አጠገብ ተቀምጬ የመኪና ዕቃ ስም እየጠየቅኩ በደብተሬ ጀርባ እጽፍ ነበር። ለምን እንደሆነ አላውቅም ነበር።

ዘንድሮ ኅዳር ላይ ጋሼ ቤታችን መጡ። ቁጭ አሉ፣ ስለ ማሽላው አወሩ፣ ስለ አንበጣው አወሩ፤ ከዚያ ዓይናቸው ከአባቴ የጎማ ክምር ላይ አረፈ። ለጫማ ከመጡት መሃል አንዱ ገና ጥርሱ ያላለቀ ጎማ ነበር።

«እሱን ልውሰደው ወንድም? ምርመራው ደርሷል፣ አንድ ይጎድለናል። ስንመለስ ትቆርጠዋለህ።»

አባቴ ተነሳ። ጎማውን እያንከባለለ እስከ በር ድረስ ወሰደላቸው። በእጁ አቧራውን ጠረገላቸው!

እሳቸው ሲሄዱ «አባ፣ ሰጠኸው?» አልኩት።

«መቀናጆ ነው።»

«መቀናጆው የእማን እግር በላ እኮ!»

እንደዚያ ተናግሬው አላውቅም። ቢላዋውን አንስቶ ወደ ቆረጣው ተመለሰ። እናቴ ከጓዳ ሆና በአገውኛ አንድ ነገር ተናገረች፤ ለእኔ ነው ወይስ ለእሱ አልለየሁም፣ ግን ትርጉሙ ይቺ ልጅ የእኔን አፍ ወሰደች እንደማለት ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ከትምህርት ቤት ቀረሁና ለመኪና ምርመራው መሥሪያ ቤት ጻፍኩ። አራት ወረቀት ቀደድኩ። አምስተኛው እንዲህ ይጀምራል፦ «ፍሬኑ የአባቴ መኪና አልነበረም፤ የሦስት መኪና ነበር።» ስጽፋት የራሴን ድምፅ ሰማሁት። እንባ የለም፣ እግር ሥር መደፋት የለም። ሸራው በየትኛው ቀን ከየትኛው መኪና ወደ የትኛው እንደሄደ፣ ብሎኑን ማን እንዳቀበለ ጻፍኩ። ምርመራው በየቀኑ አንድ አንድ እየተባለ ከቀጠለ ዘንድሮም እንዲሁ እንደሚሆን ጻፍኩ። ሁሉም በአንድ ቀን ጎን ለጎን ቢቆሙ አንድ ፍሬን ሦስት ቦታ ሊሆን እንደማይችል ጻፍኩ።

ከመላኬ በፊት ለአባቴ ማንበብ ነበረብኝ። ቢላዋውን አስቀምጦ አዳመጠኝ።

«ይህን ሲያነቡ እኔን ምን እንደሚሉኝ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«ፋሲካ ስንት ቀረው?»

«ገናና ጾሙ ነው ያለው… አምስት ወር አይሞላም፣ አባ።»

«ዝም ካልሽ ለፋሲካ መሪ እይዛለሁ።»

«አውቃለሁ አባ።»

ወረቀቱን ልቅደደው እንዴ ብዬ አሰብኩ፤ እውነቱን ለመናገር እጄ ጠርዙን ይዞ ነበር። አባቴ መሪ ሲይዝ አይታችሁት አታውቁም። ሰው ይሆናል፤ ትከሻው ይሰፋል፣ ያፏጫል። ከታሰረ ወዲህ አላፏጨም።

«ሦስተኛው መስመር ላይ ‹ሸራው ተፈታ› ብለሻል» አለኝ።

«አዎ።»

«ማን ፈታው? በራሱ አይፈታም። ‹አባቴ ፈታው› ብለሽ ጻፊ። ኅዳር ላይ ጎማ ማበደሬንም ጨምሪ።»

ጨመርኩ። ከሥሩ ፈረመ፤ ቀስ ብሎ፣ ቁልቁለት ላይ እንደሚነዳ ሰው።

እና አሁን ያቺን መስመር ልጻፋት። የደብዳቤው የመጨረሻ መስመር «የአመልካቿ አባት ሸራውን ፈትቶ ማዋሱን በፊርማው ስላረጋገጠ መንጃ ፈቃዱ ለዘለቄታው ተሰርዟል» ትላለች። ባለመኪናውስ? ስለ እሱ «ለወደፊቱ እንዲጠነቀቅ ተነግሮታል» ነው የሚለው። ለወደፊቱ! ደስታዬ ውስጥ ይህ እንደ አጥንት ተሰንቅሯል፤ አይወጣም፣ አይወርድም።

ወሬው በማግሥቱ ከተማውን ሞላው። እትዬ መጣች። ሁልጊዜ እጄን ይዛ የምትስመኝ ናት፤ የዚያን ቀን ከበሩ አልገባችም። እናቴ «ግቢና ተቀመጪ» ብትላት፦

«ከዚህ ቤት ውኃ አልቀምስም። በዚህ እጄ ነው ከጠበል የተቀበልኳት፤ እሷ ደግሞ ባሌን ከመሪ አወረደችው!»

«ባልሽ ገና አልወረደም» አለች እናቴ። «ፍሬን ካለው ምን ይሆናል?»

«ፍሬን ከየት አባቱ ያምጣ? ሰውዬው አይገዛ!»

«እሱን ሂጂና ለሰውዬው ንገሪው። እዚህ በር ላይ ምን ያስጮህሻል?»

«እግርሽ አፍሽን አረዘመው መሰለኝ!»

እናቴ ምርኩዟን ከፍ አድርጋ አሳየቻት። «እግሬ ቢኖር ኖሮ አንቺ ጋ ድረስ መጥቼ ነበር የምነግርሽ፤ በዚያ ሸራ ላይ ልጆችሽም ይሳፈራሉ።»

እትዬ ወደ እኔ ዞራ፣ በጣም ቀስ ብላ፣ «መጻፍ ያስተማሩሽ ለዚህ ነው?» አለችኝ። መልሱ አሁን ነው የመጣልኝ፤ አዎ እትዬ፣ ለዚህ ነው። ግን ሄዳለች፣ ዛሬ ጠዋት መንገድ ላይ ስታየኝም ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ቅጣቴ ይህ እንደሚሆን አላውቅም ነበር። ባውቅም እጽፈው ነበር፤ እንዲህ ማለት ቢከብደኝም።

ትናንት አባቴ ደብዳቤውን ጠየቀኝ። ፊደል እየቆጠረ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ራሱ አነበበው፤ የመጨረሻዋ መስመር ላይ ሲደርስ አልቆመም፣ እንደ ሌላው አነበባት። አጥፎ ሰጠኝ።

«መርማሪው አንድ ሰው ነው» አለ። «ያን ሁሉ ጎማ ብቻውን አያየውም። ነዋሪው ቆሞ ያያል ብለዋል አይደል? ሰውን ጥሪልኝ።»

«ማንን?»

«የተሳፈረን ሁሉ። የሚሳፈረውንም። የማር ነጋዴውን ባለቤት እኔ ራሴ ፃግብጂ ሄጄ እጠራቸዋለሁ።»

ዛሬ ጠዋት ሄደ፤ በእግሩ፣ ራሱ የሠራውን በርባሶ ተጫምቶ። ከዚያ አደጋ ወዲህ ደጃቸውን ረግጦ አያውቅም። ይቀበሉት አይቀበሉት አላውቅም። ሲወጣ አላፏጨም።

እኔ ደግሞ የታዘዝኩትን እያደረስኩ ነው። ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ በእነዚያ መኪናዎች የተሳፈራችሁም፣ ልጃችሁን ወይም እናታችሁን የምታሳፍሩም፣ ኑ። ጥምቀት ካለፈ በኋላ በመጀመሪያው የገበያ ዕለት ጠዋት፣ ከገበያው በላይ ባለው ሜዳ። አባቴ እዚያ ይቆማል፣ ምን እንደምታዩ ያሳያችኋል። እንዳይረሳ እኔም ልንገራችሁ፤ ሾፌሩን ሰላም በሉትና ጎንበስ ብላችሁ የጎማውን ብሎኖች እዩ። ብሎኑ አቧራና ዝገት ከያዘ ደህና፣ በቦታው የኖረ ነው። ጠርዙ ተፍቆ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ግን ትናንት ተፈትቷል ማለት ነው፤ ከየት መጣ፣ ወዴት ይሄዳል ብላችሁ ጠይቁ። ማንም ቢቆጣችሁ አትፍሩ፣ እኔ ደብዳቤውን ይዤ እቆማለሁ። ቦሎዋን አትዩ፤ እሷ ሁልጊዜ ደህና ናት።

የገበያ ልብሳችሁን ለብሳችሁ ብትመጡ ችግር የለውም። እጃችሁ ግን ይቆሽሻል።